ባለዕዳዋ ሀገር ናት



ወታደር ሲምል ለሀገሩ ይምላል። ደመወዙን የሚቆርጥለት፣ ጡረታውን የሚያጸድቅለት፣ ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ የሚልከው ግን በዚያ ጊዜ በሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ነው። የወታደር ቤተሰብ በዚህች ሀገር ካየው መከራ ብዙው የመነጨው ከዚህ ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የትናንቱ ወታደር የትናንቱ መንግሥት አገልጋይ ተደርጎ ይቆጠራል። ቃል የገባለት ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ቃሉም አብሮ ይነሣል። ሚስቱ የምታንኳኳው በር ይጠፋታል።

ዛሬ በፊታችሁ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ወታደሩ ያገለገለው ሀገርን እስከሆነ ድረስ ባለዕዳዋ ሀገር ናት። መንግሥት በሀገር ስም ከፋይ ነው፤ ዕዳውን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ወደ ኋላ ሄጄ ሀገራችን ወታደሯን እንዴት ስታኖር እንደቆየች አሳያለሁ። ከዚያም ሕጉ ዛሬ ለወታደሩና ለቤተሰቡ ምን እንደሚሰጥ፣ ምንስ እንደሚጎድለው እናገራለሁ።

ደመወዝ የሚባል ነገር ከመለመዱ በፊት ወታደር የሚኖረው በገበሬው ላይ ነበር። ጦር ሲያልፍ ገበሬው ቤት ይሰፍራል፤ በጉን አርዶ፣ ጎተራውን አራቁቶ ይሄዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም ከነገሡ በኋላ ሊያመጧቸው ካሰቧቸው ለውጦች አንዱ ለወታደሩ ደመወዝ ቆርጠው ከገበሬው ጫንቃ ላይ ማውረድ ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ነገር ግን በቂ ግብር የሚገባበት ግምጃ ቤት አልነበራቸውም፤ አመጹም ፋታ አልሰጣቸውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የራሳቸው ጦር እንደ ቀድሞው ሀገር እየዘረፈ ይኖር ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ደግሞ ክፉ ቀን በሚባለው ረኀብ ማብቂያ ላይ ዐሥራት ደነገጉ። ገበሬው ከምርቱ ከዐሥር አንዱን ለመንግሥት ያስገባል፤ ወታደሩም ቀለቡ ከዚያ እየተሰፈረለት ከገበሬው ቤት ይወጣል ተባለ። በደቡብ በኩል በሰፋው ግዛት ግን የወታደሩ ደመወዝ ገባር ሆነ። ለወታደሩ እንደ ማዕረጉ ገባሮች ይቆጠሩለታል፤ እነሱም በእህላቸውና በጉልበታቸው ያኖሩታል። የሀገርን ዕዳ ገባሩ ከፈለው ማለት ነው። ከዚያ ዘመን የወረስነው ቁስል እስከ ዛሬ ያመናል። መንግሥት ለወታደሩ ከራሱ ግምጃ ቤት ሳይከፍል ሲቀር ዋጋው መሣሪያ በሌለው ሰው ላይ እንደሚወርድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ወታደሩም ቢሆን በዚያ ሥርዓት ዋስትና አልነበረውም። የማደሪያ መሬት የተሰጠው ሰው መሬቱን የሚይዘው እስካገለገለ ድረስ ነው። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ወይም እሱ ሲሞት መሬቱ ወደ ሰጪው ሊመለስ ይችላል። ልጁ አባቱን ተክቶ ካልዘመተ እናቱ ከምታርሰው መሬት የመነሣቷ ነገር ሁልጊዜ ያሰጋል። ቤተሰቡ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

ስለ ዐድዋ ስንናገር ስለ ስንቁም ልንናገር ይገባል። ያ ሁሉ ሠራዊት ከየሀገሩ የተነሣው በአብዛኛው የራሱን ስንቅ ይዞ ነው። በሶውን የፈጨች፣ ድርቆሹን ያደረቀች፣ ቆሎውን የቆላች በቤት ያለች ሴት ናት። ብዙ ሴቶችም አብረው ዘምተው በየሰፈሩ እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ውኃ እየቀዱ፣ ቁስለኛ እያነሡ ውለዋል። ዛሬ ሎጂስቲክስ ብለን ትልቅ መምሪያ የምናቋቁምለት ሥራ ያን ጊዜ በወታደሩ ቤተሰብ ላይ የወደቀ ነበር። የወታደር ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ የሠራዊቱ አካል ነው፤ በመዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በዱር በገደል የቆዩት አርበኞች ሀገር ነጻ ከወጣ በኋላ ብዙዎቹ የጠበቁት ዋጋ የመሬት ስጦታ ነበር። ለአርበኛ፣ ለስደተኛ፣ ለሟች ቤተሰብ መሬት እንዲሰጥ ታዘዘ። ያገኙ አሉ። ነገር ግን ስጦታ የሚገኘው በደጅ ጥናት ነው። ለቤተ መንግሥት የቀረበ፣ የሚያውቀው ሹም ያለው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ወራት መጠበቅ የሚችል ሰው ቶሎ ያገኛል። በሩቅ አውራጃ ያለ ባላገር አርበኛ፣ ይልቁንም ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጉዳይዋን የሚያስፈጽምላት የለም። አርበኞች ለረጅም ጊዜ ከተናገሩት ምሬት ትልቁ ይህ ነበር። ችሮታ ሰጪው በጎ ሰው ቢሆን እንኳ ለሁሉም እኩል አይደርስም።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም ቃኘው የተባለው የኢትዮጵያ ጦር የመጀመሪያው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ጦርነት ተጓዘ። ጦርነቱ ተኩስ አቁም ተፈርሞ እስኪያበቃና ከዚያም በኋላ ጸጥታ ለማስከበር ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘምተዋል። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ በምርኮ የተያዘ የለም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለዛሬው ጉዳያችን የምመርጠው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ወታደሮች ከደመወዛቸው አዋጥተው ዶንግዱቾን በምትባል ከተማ የጦርነት ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚያሳድግ ቤት አቋቁመዋል። የራሳቸውን ልጆች ቤት ትተው የሄዱ ሰዎች በሰው ሀገር ልጅ ያሳድጉ ነበር። ጦርነት በልጅ ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ ማንም አስተማሪ አላስፈለጋቸውም።

የእነዚህ ዘማቾች ዕጣ የምሟገትበትን ነገር በግልጽ ያሳያል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱና ደርግ ሶሻሊዝምን ሲያውጅ፣ ከሰሜን ኮሪያም ጋር ሲወዳጅ፣ የኮሪያ ዘማች መሆን የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረ። ኒሻናቸውን ደብቀው፣ ስለ ዘመቻቸው አፋቸውን ዘግተው የኖሩ አሉ። ኮሪያ የዘመቱት ሰዎች አልተለወጡም፤ የተለወጠው በቤተ መንግሥት የተቀመጠው ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸው አፍንጮ በር አካባቢ የቆመው ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነው። የደቡብ ኮሪያ መንግሥትና ሕዝብ ግን የዘማቾቹን ስም መዝግበው ይዘው ለራሳቸው ድጎማ፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ሲሰጡ ቆይተዋል። በአዲስ አበባ ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል በሚለው ሆስፒታልም ዘማቾቹ ሕክምና ያገኛሉ። በኮሪያም ስንትና ስንት መንግሥት ተለዋውጧል። መዝገቡን ግን ማንም አልቀደደውም።

ከችሮታ ወደ ሕግ የተሸጋገርንበት ትልቁ እርምጃ በ1955 ዓ.ም የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። በዚህ አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛውም ወታደሩም ከደመወዙ እየተቆረጠ፣ መንግሥትም የበኩሉን እየጨመረ፣ ለእርጅናና ለጉዳት፣ ሲሞትም ለቤተሰቡ የሚሆን ገንዘብ ይከማቻል። ከእንግዲህ የሟች ሚስት የምትሄደው ጌታ ደጅ ለመጥናት ሳይሆን መብቷን ለመጠየቅ ነው። በወረቀት ላይ እንኳ ቢሆን ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ነገር ግን ጡረታ ለነገ ነው፤ ወታደሩ ዛሬ ምን ይበላል? የዚህ ጥያቄ መልስ መጥፋት መንግሥት ጣለ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም በነገሌ ቦረና የሰፈረው የጦር ክፍል ወታደሮች አመጹ። ምግባቸው የማይበላ፣ ውኃቸው የማይጠጣ ሆኖባቸው ነበር። የእነሱ የውኃ መሳቢያ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹም ጄኔራሉን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ፤ የካቲት 18 አስመራ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሣ። መንግሥት ደመወዝ ጨመረ፤ አልበቃም፤ እንደገና ጨመረ። ነገሩ ግን ከደመወዝ አልፎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ዘውዱ ወደቀ።

አብዮቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ የመሬቱ ጥያቄ፣ የወሎው ረኀብ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተቃውሞ። ሁሉንም ወደ አንድ የውኃ ጉድጓድ አላወርደውም። ነገር ግን መሣሪያ የያዘው ክፍል መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው በውኃና በእንጀራ ምክንያት መሆኑን መርሳት የለብንም። ከዚያም በፊት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ የቆመው ጦር ብዙም ሳይቆይ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ አግኝቷል። ከዚያ ወታደሩ የተማረው ጥያቄው የሚሰማው ኃይሉን ሲያሳይ መሆኑን ነው። የሠራዊት አቤቱታ በሕግ የሚሰማበት መንገድ በሌለበት ሀገር ይህ አደገኛ ትምህርት ነው።

ደርግ ራሱ ከወታደሩ የወጣ መንግሥት ስለነበር የወታደሩን ቤተሰብ ጉዳይ ያውቅ ነበር። የሶማሊያ ወረራ በተመከተ ማግሥት የአካል ጉዳት ለደረሰባቸው በደብረ ዘይት የጀግኖች አምባ፣ ወላጆቻቸውን በጦርነት ላጡ ሕፃናት ደግሞ በአላጌ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ኩባ ድረስ ሄደው በወጣቶች ደሴት ተማሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አባቶቻቸው በኦጋዴን የቀሩ ነበሩ። ከእነዚህ ልጆች ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር ሆነው የወጡ አሉ። ስለዚያ ዘመን ያለን ፍርድ ምንም ይሁን፣ የሟችን ልጅ ሰብስቦ ማስተማር ትክክለኛ ሥራ ነበር። በአንጻሩ ያው መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ገበሬውን በግዳጅ እየመለመለ በአጭር ሥልጠና ወደ ግንባር ይልክ ነበር። ልጇ የት እንደወደቀ ሳይነገራት የሞተች እናት በየገጠሩ ነበረች። አምባ ማቋቋምና መርዶ ማፈን በአንድ መንግሥት ውስጥ አብረው ኖሩ።

ከዚያ ግንቦት 1983 ዓ.ም መጣ። ከሰሐራ በታች ካሉት ሠራዊቶች በብዛቱ ተወዳዳሪ ያልነበረው፣ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ጦር በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሰደደ ነበረ፤ በመርከብ ወደ የመን የተሻገረ ነበረ፤ ካምፕ ገብቶ ከወራት በኋላ የተለቀቀ ነበረ። የሽግግሩ መንግሥት የቀድሞውን ጦር አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን መሥርቶ ወደ ገጠር ለተመለሰው የወራት ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ቦታም በሬ ሰጠ። ለጉዳተኛው ሰው ሠራሽ አካል ለማዳረስ፣ ለከተሜው ሥልጠናና ብድር ለማቅረብ ተሞከረ። ድሃ የነበረች ሀገር ያን ያህል ሰው በዚያ ፍጥነት ወደ ቤቱ መመለሷ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ሌላውንም እንናገር። መደበኛ ወታደር ሆኖ ዕድሜውን በሙሉ የሰጠው ሰው፣ ከደመወዙ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥበት የኖረው ሰው፣ ከአንድ ቀን ወደ ሌላው የቀድሞ ሥርዓት ወታደር የሚል ስም ወጣለት። በካምፕ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ቤታቸው መሥሪያ ቤታቸው ነበርና ሁለቱንም አጡ። ብዙዎች መብታቸውን ለማስከበር ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ክራንች ይዘው የሚለምኑትን ሰዎች የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው የለም። አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ይወረውርላቸዋል። ከእነዚያ አንዱ የሶማሊያን ወረራ ሲመክት ካራማራ ላይ ቆስሎ ሊሆን ይችላል። ካራማራ ላይ የተጠበቀችው ሀገር ዛሬ የምንኖርባት ናት።

አርበኛውን፣ የኮሪያ ዘማቹን፣ የደርግ ዘመን ወታደሩን ጎን ለጎን አቁመን ስናይ ታሪኩ አንድ ነው። የዘመተበት መንግሥት ሲያልፍ ዋስትናው አለፈ።

ሌላ ሀገር እንዴት ነው? አሜሪካን ልጥቀስ፤ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ይኖራሉ፤ በሠራዊቱ ውስጥ የሚያገለግሉ የኢትዮጵያውያን ልጆችም አሉ። ያቺ ሀገርም ይህን የተማረችው ተሳስታ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በ1924 እ.ኤ.አ በወጣ ሕግ ጉርሻ ተፈቀደላቸው፤ የሚከፈለው ግን በ1945 ነው ተባለ። የኢኮኖሚው ድቀት ሲመጣና ሥራ ሲጠፋ በ1932 በሺህ የሚቆጠሩት ከነቤተሰባቸው ዋሽንግተን ገብተው ድንኳንና ዳስ ጥለው ገንዘቡ አሁን ይሰጠን አሉ። መንግሥት በጄኔራል ማክአርተር የሚመራ ጦር ልኮ በአስለቃሽ ጋዝ በተናቸው፤ ሰፈራቸውም ተቃጠለ። ወታደር በወታደር ላይ ዘመተ፤ ሀገሩም አፈረ።

ከዚያ ኀፍረት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ በሰኔ 1944 እ.ኤ.አ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጂ.አይ. ቢል የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። ለተመላሹ የትምህርት ክፍያ፣ በመንግሥት ዋስትና የቤት መሥሪያ ብድር፣ ሥራ እስኪያገኝም እስከ 52 ሳምንት ድረስ በሳምንት 20 ዶላር ተፈቀደ። እስከ 1956 ድረስ 7.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕግ ተምረዋል ወይም ሠልጥነዋል። ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ከዚህ ዕድል በየአካባቢው አድሎ ብዙ ተከልክለዋል፤ ይህም ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል። የሆነው ሆኖ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ተከታይ ሕግ፣ የተወሰነ ዘመን ያገለገለ ወታደር የትምህርት መብቱን ለሚስቱ ወይም ለልጁ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ቤተሰቡ አብሮ እንዳገለገለ ተቆጠረ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው አንድ እውነት አለ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው በ1865 እ.ኤ.አ ነው። በዚያ ጦርነት አባቷ ወታደር ስለነበረ ጡረታ ትቀበል የነበረች የመጨረሻዋ ልጅ የሞተችው በ2020 ነው። አባቷ በእርጅናው ዘመን የወለዳት፣ ራሷም የአካል ጉዳተኛ የነበረች ሴት ናት። በየወሩ የሚደርሳት 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን ጦርነቱ ካለቀ ከ155 ዓመት በኋላም ተከፍሏል። በመካከሉ ስንት ፕሬዚዳንት መጣ፣ ስንት ፓርቲ ተፈራረቀ። ይህ የአባትሽ ዘመን መንግሥት ዕዳ ነው፣ እኛን አይመለከተንም ያላት አልነበረም።

አሁን ወደ ሕጋችን ልመለስ፤ በተለይ የወታደር ቤተሰቦች ይህን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ከ1955ቱ አዋጅ በኋላ በ1995፣ በ2003ና በ2014 ዓ.ም አዳዲስ የጡረታ አዋጆች ወጥተዋል። በ2003 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ወታደሩ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ ለወታደሩና ለፖሊሱ 25 በመቶ ያዋጣ ነበር፤ ለሲቪሉ ሠራተኛ የመንግሥት ድርሻ 11 በመቶ ነበር። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ዕድሜው የደረሰ ሰው ጡረታው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ሆኖ ይጀምር ነበር። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 በመቶ ይጨመር ነበር፤ ከ70 በመቶ ግን አያልፍም ነበር። ይህ ልዩነት ሕጉ ወታደሩ ጉልበቱን ቶሎ እንደሚጨርስ ማወቁን ያሳያል።

ወታደሩ ሲሞት ተተኪ የሚባሉት ሚስት ወይም ባል፣ ልጆችና በእሱ የሚጦሩ ወላጆች ናቸው። ለሚስት የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ 15 በመቶ ይሰጣል፤ ድምሩ ግን ከሟቹ ጡረታ አይበልጥም። ለምሳሌ የሟቹ ጡረታ በወር 4,000 ብር ቢሆን ሚስቱ 2,000፣ ሁለት ልጆቿ እያንዳንዳቸው 800 ብር ያገኛሉ። ቤቱ በወር 3,600 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ፣ ጤፍና የትምህርት ቤት ወጪ አስቡት። ሕጉ መብቱን ሰጠ፤ ኑሮ ውድነቱ ግን መብቱን እየበላው ነው። በየጊዜው የሚደረገው ጭማሪ በመንግሥት በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ እስከሆነ ድረስ ጡረተኛው ተመልሶ ደጅ ጠኚ ሆኗል።

ሁለተኛው ችግር ወረቀት ነው። ብዙ ወታደር የሚያገባው ከተመደበበት አካባቢ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ያለ ምዝገባ ነው። ልጅ ይወለዳል፤ የልደት ምስክር ወረቀት አይወጣለትም። ክፍሉ ይዛወራል፤ ቤተሰብ ይቀራል። መርዶው ሲመጣ ሴቲቱ ሚስት መሆኗን ማስረዳት ይጠበቅባታል። ያን ጊዜ ለቅሶ ላይ ናት፤ ምስክሮቿ በሌላ ክልል ናቸው፤ ከባሏ ዘመዶች ጋር ውርስ ላይ ተጋጭታ ሊሆን ይችላል። የጡረታ ጥያቄ ደግሞ የይርጋ ጊዜ አለው። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። የልጆቻችሁን ልደት አስመዝግቡ። ወታደሩ በክፍሉ በሞላው የግል ማኅደር ላይ የሚስቱና የልጆቹ ስም በመታወቂያቸው ላይ ባለው አጻጻፍ መስፈሩን ጠይቁ፤ አንድ ፊደል ሲለያይ ስንት ቤተሰብ ፍርድ ቤት እንደተመላለሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ግዳጅ ከመሄዱ በፊት ለሚስቱ ውክልና ይስጥ፤ ደመወዙ በየትኛው ባንክ እንደሚገባ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ለማን ዕዳ እንዳለበት ተቀምጠው ይነጋገሩ። ስለ ሞት መነጋገር ሟርት ነው የሚሉ አሉ። ሟርት አይደለም፤ ለልጅ ማሰብ ነው።

ገንዘብ አያያዝን በተመለከተ ከወታደር ሚስት የተሻለ ባለሙያ የለም ብዬ አምናለሁ። ምድቡ በየጊዜው በሚለዋወጥ ኑሮ፣ ባሏ በሌለበት፣ በእቁብ ተደግፋ ልጅ የምታስተምር ሴት ናት። ሲከፋም ጎረቤቶቿ የሆኑ የወታደር ሚስቶች በእድር ይደርሱላታል። ነገር ግን ቤተሰቡ ከካምፕ ሲወጣ ይህ ሁሉ ይበተናል፤ አዲስ ሰፈር ገብታ ከዜሮ ትጀምራለች። ስለዚህ የወታደር ሚስት የራሷ ገቢ እንዲኖራት የሚያደርግ ሥልጠና፣ የሥራ ቅድሚያና አነስተኛ ብድር ከወታደሩ ደመወዝ ተለይቶ ሊታሰብ አይገባም። የማይታየውንም ቁስል አንርሳ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ሌሊት ሲባንን፣ ሲቆጣ፣ ዝም ሲል፣ መጠጥ ሲያበዛ፣ ቤተሰቡ ጠባዩ ተበላሸ ብሎ ይደብቀዋል። ጸበልና ጸሎት ይርዳው፤ ሐኪምም ይየው። ይህ ሕመም እንደ እግር ስብራት ሁሉ በአገልግሎት የመጣ ጉዳት ተብሎ በሕክምናም በጡረታም ሊቆጠር ይገባዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሀገር ስም የተሰጠ ወታደራዊ አገልግሎት በየትኛውም መንግሥት ዘመን የተሰጠ ቢሆን ያስገኘው መብት በመንግሥት ለውጥ እንደማይሰረዝ በሕግ ይደንገግ። ወንጀል የሠራ ሰው በስሙ በፍርድ ቤት ይጠየቅ፤ በጅምላ የሚቀጣ ሠራዊት፣ በጅምላ የሚራብ የሠራዊት ቤተሰብ አይኑር።

ሁለተኛ፣ የአገልግሎት መዝገብ ከመከላከያው ሌላ ራሱን በቻለ ተቋም፣ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጭምር፣ በቅጂ ይቀመጥ። ካምፕ ሲፈርስ፣ ቢሮ ሲዘረፍ፣ ማኅደር ሲጠፋ የወታደሩ የ20 ዓመት ዕድሜ አብሮ የጠፋበትን ዘመን አይተናል።

ሦስተኛ፣ የጡረታ ማስተካከያ ጊዜውና ስሌቱ በአዋጅ ይወሰን። የኑሮ ውድነት ሲጨምር በምን ያህል እንደሚስተካከል ጡረተኛዋ አስቀድማ ትወቅ።

አራተኛ፣ በአገልግሎት ላይ የሞተና የአካል ጉዳት የደረሰበት ወታደር ልጅ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ድረስ ያለ ክፍያ ይማር። የአላጌን ሥራ ለመድገም አዲስ አምባ መገንባት ላያስፈልግ ይችላል፤ ልጁ እናቱ ዘንድ ሆኖ፣ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፣ ክፍያው ተሸፍኖለት፣ ደብተርና ምሳ አግኝቶ ቢማር ይበቃል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለኝ ሰው የምመልሰው ይህን ነው። ጦርነት ሲታወጅ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ የሚያዘገየው የለም፤ ይገኛል። የጥይቱ ዋጋ ሲሰላ የመበለቲቱና የልጁ ዋጋ አብሮ ይሰላ። በጀቱ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ምናልባት ወደ ጦርነት ለመግባት የሚቸኩለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ይህን የምለው ሠራዊት አያስፈልግም ለማለት አይደለም። በወታደር ሕይወት የሚወስን ሰው የውሳኔውን ሙሉ ዋጋ አውቆ እንዲወስን ነው።

እናንተም ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ መንግሥትን ብቻ አትጠብቁ። የሕግ ባለሙያዎች፣ በየሰፈራችሁ ላለች የወታደር ሚስት አንድ ማመልከቻ በነጻ ጻፉላት። መምህራን፣ አባቱ ግንባር ያለ ልጅ ከክፍላችሁ ውስጥ ማን እንደሆነ እወቁ። የእድር ዳኞች፣ ከካምፕ ወጥታ አዲስ የመጣች ቤተሰብ የመግቢያ ክፍያ ከሌላት በዱቤ አስገቧት። የታሪክ ተማሪዎች፣ በሕይወት ያሉትን ዘማቾች ስም፣ ክፍልና የአገልግሎት ዘመን ጻፉ፤ እያንዳንዱ ገጽ ነገ ለአንድ ቤተሰብ ማስረጃ ይሆናል። የምክር ቤት አባላት ካላችሁ ደግሞ ከላይ የተናገርኳቸውን አራት ነጥቦች ይዛችሁ ግቡ። ዕዳው የተመዘገበው በኢትዮጵያ ስም ነው፤ በእናንተ የሥራ ዘመን መከፈል ይጀምር።